የማዶው ለቅሶ

ሞያሌ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ሰው ለቅሶ ይለማመዳል። ሱቆች ሳይከፈቱ፣ ፀሐይ ወደ ሸለቆው ሳትወርድ፣ ሴቱም ወንዱም የነጠላውን ጥለት ወደ አንገቱ አዙሮ በሶስና ግቢ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ይደረደራል። ሶስና በመካከላቸው እየተዘዋወረች ታዳምጣለች።

«አንተ ከጉሮሮህ ነው የምታወጣው» ትለዋለች ሥጋ ቆራጩን። «ጉሮሮ ይዋሻል፤ ጆሮው ደግሞ ያውቃል። ከሆድህ አምጣው። ረድኤት፣ አንቺ ፈጠንሽ። ሐዘን አይሮጥም።»

«ሟቹን እኮ አላውቀውም፣ እትዬ ሶስና።»

«የምታውቂውን ሰው አስቢና የእሱን ስም ጥሪ።»

ልምምዱ ሲያልቅ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈን አድርገው ወደ ድልድዩ ይወርዳሉ።

ድልድዩ የተሠራው በደረቁ ሸለቆ ላይ ነው። በወዲህ ጫፍ አንድ ገመድና አንድ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ሊበን የሚባል ጠባቂ ይቀመጣል። በወዲያ ጫፍ ጆሮው አለ። ጆሮው በር ነው፤ የመንግሥት ስሙን የሚያስታውስ ሰው የለም። ሰው ፊቱ ቆሞ ያለቅሳል፣ በሩም ያዳምጣል። ካመነ ይከፈታል፤ ካላመነ ዝም ይላል።

ድንበራቸውን አፍርሰው ወደ ኅብረቱ የገቡት ጎረቤት አገሮች ሕዝብ ከባሕር እስከ ሐይቆቹ ድረስ ማንም ሳይጠይቀው ይመላለሳል። ኢትዮጵያ ግን ትግባ አትግባ በተባለበት ሕዝበ ውሳኔ እምቢ ብላለች። አጥሩ ሲተከል የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ማስከበር የቻሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለቅሶ አይከለከልም። የሟች ዘመድ ማዶ ድንኳን ተክሎ ከተቀመጠ ለቀስተኛ ይሻገራል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይመለሳል። ስለዚህ የወዲህ ሰው ሁሉ ለቀስተኛ ሆነ። ጥርሱን የታመመ፣ የውኃ ማጣሪያው የተበላሸበት፣ ልጁን ማስመርመር የፈለገ፣ ወይ ዝም ብሎ ከተማ ማየት ያማረው፣ ሁሉም «ማዶ ማን ሞተ?» ብሎ ይጠይቃል። የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ጂሎ ጥሩምባ የሚያስነፉት ለማዶ ሟቾች ነው። ወዲህ ለሞተ ሰው የሚመጣው ለቀስተኛ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዷል።

እምቢ የተባለበት ቀን በየዓመቱ ይከበራል። ባንዲራ ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል። ጋሽ ጂሎ ከንግግሩ በኋላ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ነገሩን በራሳቸው መንገድ ያስረዳሉ።

«ሽማግሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲላክ እሺ ይባላል እንዴ? ሴት ልጅ ያለው ሰው መጀመሪያ እምቢ ይላል። ያመላልሳል። እኛም እምቢ ያልነው ደግመው ይመጣሉ ብለን ነው። እነዚህ ሰዎች እምቢን እምቢ ብለው እንደሚወስዱ ማን ነግሮን?»

ሰው ይስቃል። ከዚያ ሳቁ ያልቅና ሁሉም ወደ ማዶ ያያል።

ሶስና እምቢ ካሉት አንዷ ናት፤ ዛሬም በአደባባይ ትናገረዋለች። የዚያን ጊዜ በሯ ላይ የለጠፈችው «እምቢ» የሚል ወረቀት ፀሐይ አንጥቶት አሁንም አለ። ለቅሶ ማንም አላስተማራትም፤ ከአሮጊቶች ጀርባ ቁጭ ብላ፣ የትኛው ድምፅ ሰው እንደሚያንበረክክ እየለየች ራሷ የቀሰመችው ነው። ሠፈሩን በሙሉ ታሻግራለች። እሷ ግን ድልድዩን ረግጣ አታውቅም።

ማዶ የሚታየው ነገር ዓይን ያደክማል። መንገዱን የሚያለብሱት ሸራዎች ከፀሐይዋ ጋር ይዞራሉ። ማንም የማይነዳቸው አውቶቡሶች ሽማግሌ ሲያዩ እንደ ግመል በርከክ ይላሉ። ማታ ብርሃናቸው ሸለቆውን ተሻግሮ ስለሚመጣ የወዲህ ዶሮዎች ቆጥ ላይ የሚወጡት ዘግይተው ነው። ሶስና በዱላ እየነዳች ታስገባቸዋለች።

«በሰው መብራት ታመሻላችሁ! የራሳችሁ ጨለማ አንሷችሁ ነው?»

ከዚያ ብርሃን መካከል አንዱ የታናሽ እህቷ የሔርሜላ ነው። ሔርሜላ ከሕዝበ ውሳኔው በፊት ማዶ አግብታ እዚያው ቀረች። አጥሩ ሲተከል እሷ ከውስጥ፣ ሶስና ከውጭ ሆኑ። ስልኩም ቢሆን አያገናኝም፤ መስመሩን የቆረጠው የወዲህ ወገን ነው። ወሬ የሚያመላልሱት ለቀስተኞች ናቸው። ከማዶ ወዲህ ለለቅሶ መምጣት አልተከለከለም፤ የመጣ ሰው ግን ታይቶ አያውቅም።

እናታቸው እማማ ብሌን የሚኖሩት ከሶስና ጋር ነበር። ሶስና ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፣ ጥፍራቸውን ትቆርጥላቸዋለች። እሳቸው ወንበራቸውን ወደ ማዶ አዙረው ይቀመጣሉ። ሲመሽ ሔርሜላ ቤት ጣሪያ ላይ አንድ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ያኔ እማማ ብሌን የነጠላቸውን ጫፍ ከፍ አድርገው ያወዛውዛሉ።

«አየሁሽ ልጄ! አየሁሽ!»

ያኔ ሶስና ሁልጊዜ የሾርባ ሳህን ይዛ አጠገባቸው ትቆማለች።

«እማዬ፣ ይቀዘቅዛል።»

«ቆይ፣ ልጄ እየጠራችኝ ነው።»

«እኔስ ማን ነኝ?»

«አንቺማ አለሽ።»

ሶስና ይህን ቃል ብዙ ምሽት ይዛው ተኝታለች። አንቺማ አለሽ። ሔርሜላ የማታጎርስ፣ የማታጥብ፣ የማትመጣ ልጅ ናት፤ ጣሪያ ላይ መብራት አላት። በዚያ መብራት ብቻ እናቷን ወሰደችባት። ሶስና ድስት እያማሰለች፣ አልጋ እያነጠፈች፣ ቀስ በቀስ የለቅሶ ግጥም ሠራች። ለማንም አላስተማረችውም። ለአንድ ቀን አስቀመጠችው።

ቀኑ መጣ። ግቢው በተማሪ ተሞልቶ ሳለ እናቷን ቁርስ ልታበላ ዞር ስትል እማማ ብሌን ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ ዓይናቸው ወደ ማዶ እንደተከፈተ ነበር። ሶስና ዓይናቸውን ከደነች። ከዚያ ድምፅዋ ወጣ፦

«ማዶ ስታይ ኖራ ማዶ ስታይ ሞተች፣
አጠገቧ ያለሁ እኔን መቼ አየች።»

ተማሪዎቹ ወደ እሷ ዞሩ። እንዲህ ያለ ለቅሶ ከእሷም ሰምተው አያውቁም። ጎረቤቷ ረድኤት እንባዋ እየወረደ ቆማ ነበር፤ ከንፈሯ ግን ግጥሙን ለመያዝ ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ ነበር።

ጋሽ ጂሎ ከሰዓት መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ እንደገና ተቀመጡ።

«እግዜር ያጽናሽ፣ ሶስዬ።»

«አብሮ ያጽናን፣ ጋሽ ጂሎ።»

«እንግዲህ… የምናገረው ለራሴ አይደለም። ለሠፈሩ ነው። ማዶ ቢቀበሩስ? ልጅ አለቻቸው። ቦታው ጥሩ ነው፤ ሣሩን ራሱ ነው አሉ የሚያጠጣው።»

«እናቴ የእናንተ ድልድይ ናት?»

«ክፉ አትናገሪ። ስንት የታመመ ሰው አለ። የማዶው ሰልስት ዛሬ ያልቃል፤ ከእሱ ሌላ ሟች የለም። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ ከቀበርሻቸው ማን ይመጣል?»

«እርስዎ አይመጡም?»

«እኔማ እመጣለሁ። እኔ ግን አንድ ሰው ነኝ።»

ሶስና ተነሥታ ቆመች። «በሕይወቷ ለማዶ ሰጥቻታለሁ። ሬሳዋን አልሰጥም። እዚህ ትቀበራለች።»

ጋሽ ጂሎ ብዙ አልተከራከሩም። ያን ዕለት ማዶ የሌላ ሰው ሰልስት ስለነበር መልእክት ላኩ። ምሽት ላይ መልሱ መጣ፤ ሔርሜላ ደጃፏ ላይ ድንኳን ተክላለች። ሬሳ ይኑር አይኑር ኅብረቱ አይጠይቅም። ባለ ድንኳን ካለች ለቅሶ አለ።

በማግሥቱ ለቀብሩ የመጣው ሰው ሶስናን አስደነገጣት። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞላ። ሠፈሩ አልረሳትም ማለት ነው ብላ ልቧ ሞቅ አለ። ከዚያ አየች። በነጠላው ሥር ሁሉ የታጠፈ ባዶ ቦርሳ አለ። ረድኤት የተበላሸ የውኃ ማጣሪያ እንደ ሕፃን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ታቅፋለች። አፈሩ ሳይደላደል ሕዝቡ ወደ ድልድዩ ቁልቁል ተንቆረቆረ። ጋሽ ጂሎም «መጣሁ» ብለዋት አብረው ወረዱ።

ሶስና ግቢ በተተከለው የእድሩ ድንኳን ውስጥ እሷና እትዬ ሎኮ ብቻ ቀሩ። እትዬ ሎኮ እግራቸው ያበጠ የቦረና ሴት ናቸው፤ ከሶስና ቤት የሚለያቸው አንድ አጥር ነው።

«እግሬ ባያመኝ እኔም ሄጄ ነበር» አሉ። «አልዋሽሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ማዶ ጉልበት የሚያድሱበት ቤት አለ አሉ። ተቀምጠሽ ትገቢያለሽ፣ እየሄድሽ ትወጫለሽ።»

«ጠጡ፣ ሻይዎ ይቀዘቅዛል።»

ነፋሱ ከሸለቆው ድምፅ ይዞ መጣ። መጀመሪያ አንድ ሴት፣ ቀጥሎ ወንድ፣ ቀጥሎ ሌላ ሴት። *ማዶ ስታይ ኖራ ማዶ ስታይ ሞተች።* ሶስና ሻዩን አስቀመጠች። ሥጋ ቆራጩ ነው፤ ከሆዱ ነው የሚያወጣው። ረድኤት ናት፤ አትሮጥም። ሁሉም «እናቴ» ይላል። *አጠገቧ ያለሁ እኔን መቼ አየች።* ጆሮው በየተራው ይከፈታል፤ በተከፈተ ቁጥር የሚደውለው ደወል እስከ ድንኳኑ ድረስ ይሰማል። ጎበዝ ተማሪዎች ነበሩ።

ድልድዩን አሻግራ አየች። የሔርሜላ ድንኳን ነጭና ሰፊ ነው፣ ንፋስ አይነካውም። ደጃፉ ሰው በሰው ሆኗል። ለሔርሜላ ነው «እግዜር ያጽናሽ» የሚሏት። የእማማ ብሌን ልጅ ማን ናት ቢባል ዛሬ ሞያሌ በሙሉ ወደዚያ ነው የሚጠቁመው። ያስነሣት ሐዘን አልነበረም፤ ሐዘንን እሷ ታውቀዋለች።

ተነሣች።

«የት ነው?» አሉ እትዬ ሎኮ።

«እናቴን ላመጣ።»

«ተቀብረዋል እኮ፣ የኔ ልጅ!»

«ለቅሶዋን ላመጣ።»

እዚያ ድንኳን ገብታ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቆማ ታለቅሳለች። የማን እናት እንደሆነች ያኔ ይለያል። ይህን እያሰበች ወረደች። ድልድዩ ላይ ገና ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ሲያያት መንገድ ለቀቀላት። ሊበን ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እትዬ ሶስና፣ አንቺም?»

እስከ ወዲያ ጫፍ ሄደች፣ ጆሮው ፊት ቆመች፣ ግጥሟን አለቀሰች። ድልድዩ ላይ የቆሙት አንገታቸውን ደፉ። በሩ ግን ዝም አለ። ደገመችው። ያኔ ለስላሳ የሴት ድምፅ ከበሩ ወጣ፤ አማርኛው የተጣራ ነበር።

«ይህን ለቅሶ ዛሬ ከብዙ ሰዎች ሰምተናል። እባክዎ የራስዎን ያልቅሱ።»

«የራሴ ነው!» አለች ሶስና። «እኔ ነኝ የሠራሁት! እናቴ ናት!»

«እናመሰግናለን። እባክዎ የራስዎን ያልቅሱ።»

ሌላ ፈለገች። ስንቱን ሟች ስንት ዓይነት አድርጋ አልቅሳ ነበር! አሁን ሆዷ ውስጥ ያለው የእህቷ ድንኳን ብቻ ነው። ድምፅ አልወጣም።

ከኋላዋ ሰው መንቀሳቀስ ጀመረ። አንድ ሰው ቀርቦ በትሕትና ተናገራት።

«እትዬ ሶስና፣ ይቅርታ አድርጊልኝ… ይኸኛው ከተዘጋ ሌላ ግጥም የለሽም? ፀሐይዋ እኮ እየሄደች ነው።»

«አጭርም ቢሆን» አለች ሌላዋ።

ሶስና ዞራ አየቻቸው።

በዚህ መካከል በሩ ከወዲያ ተከፈተ፤ ለሚወጣ ሰው ጆሮው አይሰማም። ከውስጥ አንዲት ቀጭን ሴት ወጣች። ፀጉሯ ሸብቷል። ነጠላዋን ለበዓል እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ ታች ለብሳዋለች። ሶስና ያወቀቻት በአረማመዷ ነው፤ የእናታቸው አረማመድ ነበር። በዚህም ቀናች።

«ሶሲ» አለች ሔርሜላ። «አንድ ሴት በሩ ጋ እናቴ ናት እያለች ትጮኻለች ሲሉኝ አንቺ መሆንሽን አወቅኩ።»

«ለቀስተኞችሽን ጥለሽ የት ትሄጃለሽ?»

«የቱን ለቀስተኛ? በፊት ለፊት ይገባሉ፣ እግዜር ያጽናሽ ይላሉ፣ በጀርባ ወጥተው ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ። ድንኳኑ ውስጥ ያለሁት እኔና ዕቃቸው ነን። አደራ ጠብቂልን እያሉኝ ነው የዋልኩት።»

«ቀብሯ ላይስ ለምን አልመጣሽም?»

«ልመጣ ተነሥቼ ነበር። ጋሽ ጂሎ ላኩብኝ። ባለ ድንኳኗ ከተነሣች በሩ ሰው አያሳልፍም፣ የሠፈሩን ሰው አታስቀሪ አሉኝ።»

ሰልፉ ውስጥ ጋሽ ጂሎ ኮፍያቸውን ዝቅ አደረጉ። ቢሆንም ዝም ማለት አልቻሉም። «ልጄ ሔርሜላ፣ አሁንም ቢሆን ብትመለሺ… ይህ ሁሉ ሰው ቆሞ…»

ሔርሜላ አልሰማቻቸውም። እህቷን ነው የምታየው።

«ዓይኗን ማን ከደነላት?»

«እኔ።»

«አጥበሽ የገነዝሻትስ?»

«እኔ ነኝ። ሌላ ማን አላት?»

ሔርሜላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እኔ እኮ ስቀናብሽ ነው የኖርኩት» አለች። «እዚያ ሁሉ ነገር አለ ይላሉ። አንቺ ግን ጥፍሯን ትቆርጫለሽ። ይህን የሚነግሩኝ ለቀስተኞችሽ ናቸው። ማታ ማታ አሁን እያጎረሰቻት ነው እያልኩ እራቴን አልበላም ነበር።»

ሶስና ቆማ ሰማች። ከማዶ ሆኖ በእሷ የሚቀና ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። ቃሉ ጣፈጣት። ደግማ እንድትለው ፈለገች፤ ሠፈሩ እየሰማ፣ ጮክ ብላ። እህቷ ታለቅስ ነበር፤ አለቃቀሷ ያልሠለጠነ ነው፣ ከጉሮሮ ነው።

ወደ ወዲህ ጫፍ ሄዱ። ሊበን ገመዱን ይዞ ቆሟል፤ ፊቱን አልቦታል።

«ከማዶ ለመጣ ለቀስተኛ… ደንቡ አለ፤ ተጠቅሜበት ግን አላውቅም። ከዚህ ወገን አንድ ሰው አውቃታለሁ ማለት አለበት።»

ሁሉም ወደ ሶስና ዞረ። አንድ ቃል ነው፤ እሱም በእሷ አፍ ውስጥ ነው። አጥሩ ከተተከለ ጀምሮ የምታየው በር ማዶ የሚዘጋና ማዶ የሚከፈት ነበር። ዛሬ ገመዱ በእሷ ቃል ነው። ሔርሜላ አልለመነችም። ጥለቷ ወደ ታች እንደተንጠለጠለ፣ እጇን አጣምራ ቆመች። ሶስና ጠበቀች፣ ገመዱን እያየች፣ ሊበን እስኪያስል ድረስ።

«አውቃታለሁ» አለች በመጨረሻ። «እናቴ ስታያት የኖረችው ናት።»

«ይኸ… እህቴ ናት ማለት ነው?»

«እንደዚያ ብለህ ያዘው።»

ገመዱ ተነሣ። ከኋላቸው ጆሮው ተዘጋ፤ ሰልፉ አጉረመረመ፣ ከዚያ ተበተነ።

ድንኳኑ ውስጥ እትዬ ሎኮ ሔርሜላን ዐቅፈው አለቀሱ፣ ሻይ ቀዱላት። ሶስና የእህቷን ነጠላ ገልብጣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዞረችላት። ይህን ስታደርግ ትንሽ ጎተት አደረገቻት። ሔርሜላ የማን እንደሆነ ሳታውቅ ደጃፉ ላይ ባለው የእናቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ወደ ማዶ ሆነ።

መሸ። ማዶ የተሻገሩት ሰዎች እየተመለሱ ነው፤ ቦርሳቸው ሞልቷል፣ ጭነቱ አጉብጧቸዋል። ሩቅ ላየ ሰው ሐዘን የሰበራቸው ይመስላሉ። ሶስና ለእህቷ ሾርባ ይዛ መጣችና ቆመች።

ማዶ፣ ሔርሜላ ቤት ጣሪያ ላይ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ።

«ቤት ማን አለ?» አለች ሶስና።

«ማንም የለም።»

«መብራቱንስ የሚያበራው ማን ነው?»

ሔርሜላ አላየችውም ነበር። ቀና ብላ አየችው። ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«ራሱ ነው» አለች። «መጀመሪያ መጀመሪያ እኔ ነበርኩ። ከሥራ ስዘገይ እንዳታጣኝ ብዬ አስለመድኩት። ከዚያ… እሱው ቀጠለ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ፣ ሶሲ።»

«ውይ!» አሉ እትዬ ሎኮ።

ሶስና ሳህኑን ይዛ ቆመች። ያ ሁሉ ምሽት፣ ያ ሁሉ የቀዘቀዘ ሾርባ፣ ያ ሁሉ «አንቺማ አለሽ»። የቀናችው በመብራት ነበር። እህቷን የሚቆርጥ ቃል አፏ ላይ መጣ፤ ስለታም ነበር፣ ደግሞም እውነት። ልትናገረው ስትል ማዶ መብራቱ እንደገና ብልጭ አለ። ጠፋ። ብልጭ አለ። መልስ እየጠበቀ ይመስላል። እማማ ብሌን አንድም ምሽት ሳይመልሱለት ቀርተው አያውቁም።

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። የነጠላዋን ጫፍ ያዘች፣ ከፍ አደረገች፣ አወዛወዘች።

«አየሁሽ» አለች። «አየሁሽ ልጄ።»

ክንዷ ሳይወርድ ለቅሶው መጣ። ግጥም የለውም። ከጉሮሮ አይደለም፣ ከሆድም አይደለም፤ ከየት እንደሆነ እሷም አላወቀችውም። ሔርሜላ ከወንበሩ ተነሥታ ያዘቻት፤ ሁለቱም መሬት ላይ ተቀመጡ።

ከአጥሩ ውጭ፣ ከማዶ የሚመለሱት ሰዎች ቆሙ። ማንም ሸክሙን አላወረደም። አዲሱን የውኃ ማጣሪያ ያቀፈችው ረድኤት አንገቷን አዘንብላ አዳመጠች። ከንፈሯ ቀስ እያለ መንቀሳቀስ ጀመረ።